በቴክሳስ የተከለከለው ወጪ የጅማዋን ተማሪ ይነካታል?

በዚህ ወር ከጅማ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ይኸውም በአንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዘር፣ በጾታና በመሳሰለው ወደ ኋላ የቀሩ ቡድኖችን ለመደገፍ ለተቋቋሙና «ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነት እና አካታችነት» በሚል ስያሜ ለሚታወቁ መርሐ ግብሮች ገንዘብ እንዳያወጡ የሚከለክሉት ሕጎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ፣ ከብዙ ቤት አንድ ሰው ወይ ሲማር ወይ ሲያስተምር በሚገኝበት አካባቢ፣ ወሬው ይህን ያህል ሰው ማነጋገሩ አይደንቅም። መልሶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ሁሉንም በአንድነት አቅርበናቸዋል። አሜሪካን የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በኅብረተሰብ ጤና ተመርቃ ለሁለተኛ ዲግሪ ቴክሳስ ከሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅበላ አግኝታለች። የትምህርት ክፍያዋ እንደሚሸፈንና በረዳት ተመራማሪነት እየሠራች ወርኃዊ ክፍያ እንደምታገኝ ተጽፎላታል። እኔ ጀንፈል ሰብስቤ የማቀርብ ነጋዴ ነኝ፤ ያስተማርኳትም በዚሁ ነው። ዳላስ የሚኖር ዘመዳችን ሰሞኑን ደውሎ «ቴክሳስ ለጥቁርና ለውጭ ሰው የሚሰጠውን እርዳታ በሕግ ዘግቷል፤ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ገንዘቡ ቢቋረጥ ማን ይደርስላታል?» አለን። እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ቲኬቱን እንቁረጥ ወይስ እንቆይ?
አባት፣ ከመንደራ ቆጪ

መልስ፦ ዘመድዎ የሰማው ሕግ አለ፤ ይላል ብሎ የነገረዎትን ግን አይልም። ሕጉ «የሴኔት ረቂቅ 17» በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ በሴናተር ብራንደን ክሬይተን አቅራቢነት በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች አልፎ በ2023 በአገረ ገዥው ግሬግ አቦት ተፈርሟል፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። የሚመለከተው የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ብቻ ነው፤ የግል ዩኒቨርሲቲዎችን አይነካም። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ተቋም የብዝኃነት ጽሕፈት ቤት ማቋቋምም ሆነ ያለውን ይዞ መቆየት አይችልም፤ የዚያን ጽሕፈት ቤት ሥራ የሚሠራ ሰው በቅጥርም በውልም ማሠራት አይችልም፤ ለሥራ የሚያመለክት ሰው ስለ ብዝኃነት ያለውን አመለካከት በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ፣ በጉዳዩ ላይ የሚሰጥ ሥልጠናን ግዴታ ማድረግ፣ ወይም በዘር፣ በጾታ፣ በቀለም፣ በብሔር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት አንዱን ከሌላው አስበልጦ መምረጥም ተከልክሏል።

ሰው ስለ ክልከላው ሲያወራ ሁልጊዜ የሚዘለው ክፍል ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሕጉ ራሱ የማይነካቸውን ነገሮች በግልጽ ለይቶ አስቀምጧል። በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት፣ ምሁራዊ ምርምርና የፈጠራ ሥራ፣ የተመዘገቡ የተማሪ ማኅበራት እንቅስቃሴ፣ ለአጭር ጊዜ የሚጋበዝ ተናጋሪ፣ የመረጃ አሰባሰብ፣ የተማሪዎች ምልመላና ቅበላ ከክልከላው ውጭ ናቸው። የልጅዎ ጉዳይ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ረዳት ተመራማሪነት ስጦታ አይደለም፤ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ሠርታ የምታገኘው የድካሟ ዋጋ ነው፤ የተመረጠችውም በውጤቷና በትምህርት ዝግጅቷ እንጂ ከየት አገር መጣች ተብሎ ካልሆነ፣ ሕጉ የሚለው «አስበልጦ መምረጥ» እርሷን አይመለከትም። የውጭ ተማሪዎችን የሚያስተናግደው ቢሮም የቪዛና የምዝገባ መረጃ እንዲይዝ የፌዴራል ሕግ ስለሚያስገድደው፣ በብዝኃነት ጽሕፈት ቤት ተራ አይቆጠርም። ልዩነት ሊመጣ የሚችለው በድጋፉ ደብዳቤ ላይ «ለአፍሪካውያን ብቻ» ወይም «ለሴቶች ብቻ» የሚል መስፈርት ያለበት የነጻ ትምህርት ዕድል ተጠቅሶ ከሆነ ነው፤ እንዲህ ያለ መስፈርት በብዙ ተቋማት እንደገና እየተመረመረ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተደርጓል። ደብዳቤውን አውጥታ በዚህ ዓይን ደግማ ታንብበው።

እውነተኛው ሥጋት ካለ ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ዘመድዎም ሁለቱን ወሬ አንድ ላይ ሳይቀላቅለው አልቀረም። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት «ብሔራዊ የጤና ተቋማት» በሚባለው መሥሪያ ቤቱ በኩል ይሰጥ የነበረውን በርካታ የምርምር ገንዘብ መካከል ላይ አቋርጧል፤ ከተቋረጡትም መካከል በልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች መካከል ያለውን የጤና ልዩነት የሚያጠኑ ይገኙበታል። ይህ የቴክሳስ ሕግ ሥራ አይደለም፤ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪን ግን ከቴክሳሱ ሕግ ይልቅ የሚቀርባት ይኸኛው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ለተቀበላት ትምህርት ክፍል በአክብሮት ሁለት ነገር ትጻፍ፤ ክፍያዬ ከምርምር ገንዘብ ነው ወይስ ከትምህርት ክፍሉ በጀት፣ ከምርምር ገንዘብ ከሆነና ቢቋረጥ ትምህርት ክፍሉ እስከ መቼ ይሸፍንልኛል? ይህን መጠየቅ እዚያ እንደ ነውር አይታይም፤ እንዲያውም ተማሪዎች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። መልሱ በጽሑፍ ሲደርሳት ቲኬቱን ይቁረጡ። በስልክ የተነገረ ተስፋ፣ እርስዎም እንደ ነጋዴ እንደሚያውቁት፣ ያለ ደረሰኝ ጀንፈል እንደ ማስረከብ ነው።

የምታጣው ነገር የለም ማለታችን ግን አይደለም። ቀድሞ አዲስ ተማሪን የሚያለማምዱ፣ አስጠኚና መካሪ የሚያገናኙ አንዳንድ ማዕከላት ተዘግተዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የምትደገፍበትን ሰው፣ ቢሮ ይፈልግልኛል ሳትል፣ ራሷ መፈለግ ይኖርባታል።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው፣ በአንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። እኛ ያዘዝነውን እነርሱ እንዴት ይከለክላሉ? ደግሞስ ክፍለ ግዛት በዩኒቨርሲቲ የውስጥ አሠራር ውስጥ የሚገባው በምን ሥልጣን ነው? ሕጉን እርስዎ እንዴት ያዩታል?
ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ከሥልጣኑ እንጀምር፤ በእኛ አገር ያለው አደረጃጀት ተቃራኒ ስለሆነ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሆኖ፣ በ1952 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው በ1999 የተወለደ የፌዴራል ተቋም ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንጂ ጨፌ ኦሮሚያ አይደለም። አሜሪካ ላይ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት የሚናገረው ነገር የለም፤ ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክፍለ ግዛቶችና የሕዝቡ መሆኑን ደግሞ የዚሁ ሕገ መንግሥት አሥረኛው ማሻሻያ ይደነግጋል። ስለዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስንል የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ማለታችን ነው፤ ያቋቋመው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው፣ የአስተዳደር ቦርዱን አባላት በአብዛኛው የሚሾመው አገረ ገዥው ነው፣ በጀት የሚመድበውም የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው። እንዲህ ያለ ምክር ቤት «ይህን አታስቡ» ለማለት ይቸገራል፤ የንግግር ነጻነት የሚጠብቀው የመጀመሪያው ማሻሻያ ይይዘዋል። «በሰጠኋችሁ ገንዘብ ይህን አትሥሩበት» ማለት ግን ይቀለዋል። ሕጎቹ በወጪ በኩል የመጡት ለዚህ ነው፤ ይህን የሳተ ሰው ሕጎቹን አንብቦም አይገባቸውም።

የቴክሳስን አሠራር እዩት። የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ቦርድ ሕጉን ማክበሩን የሚያረጋግጥ ሪፖርት ለምክር ቤቱና የክፍለ ግዛቱን ከፍተኛ ትምህርት ለሚያስተባብረው ቦርድ ካላቀረበ በቀር፣ ለበጀት ዓመቱ የተመደበለትን የክፍለ ግዛት ገንዘብ ማውጣት አይችልም። የክፍለ ግዛቱ ኦዲተር እያንዳንዱን ተቋም ቢያንስ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመረምራል። ጥሰት ከተገኘ ተቋሙ በ180 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ በሚቀጥለው የሁለት ዓመት በጀት ጭማሪና ልዩ ድጎማ ይከለከላል። የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ የአንድ የበጀት ዙር ጭማሪ ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም። እዚህ ላይ ጥፋተኛ ተብሎ እስር የሚወርድ ሰው የለም፤ ያለው የፋይናንስ ኃላፊና የሕግ አማካሪ ፍርሃት ነው። በእኛም መሥሪያ ቤቶች ኦዲተር ሊመጣ ነው ሲባል ያልተጠየቀ ሰነድ ሁሉ እንደሚስተካከል የምታውቁት ነው፤ ያ ፍርሃት በአንድ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ ወረደ ብላችሁ አስቡት።

የሆነውም ይኸው ነው። ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የመድብለ ባህል ማዕከሉን ዘጋ፤ የብዝኃነት ክፍሉን ስም ቀይሮ ሥራውንም አሻሽሎ ለመቀጠል ሞከረ። በኤፕሪል 2024 ግን ስሙ የተቀየረውንም ክፍል ዘግቶ ወደ 60 የሚሆኑ ሠራተኞችን ማሰናበቱ ተዘገበ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሴናተር ክሬይተን ስም ቀይሮ መቀጠል ሕጉን እንደማክበር እንደማይቆጠር ለዩኒቨርሲቲዎቹ በደብዳቤ አሳስበው ነበር። የሕጉ ፊደል ምን ያህል እንደጠየቀና ፍርሃቱ ምን ያህል እንደጨመረበት መለየት የሚያስቸግረው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች በዚሁ መንገድ ቢሄዱም መቀሳቸው የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። ፍሎሪዳ በሜይ 2023 አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ በፈረሙት «የሴኔት ረቂቅ 266» የክፍለ ግዛትም ሆነ የፌዴራል ገንዘብ ለብዝኃነት ቅስቀሳ ወይም ለፖለቲካና ለማኅበራዊ ንቅናቄ እንዳይውል ከለከለች፤ በማርች 2024 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የዋና ብዝኃነት ኃላፊውን ጽሕፈት ቤት ዘግቶ 13 ቋሚ የሥራ መደቦችን ሰረዘ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማውንም ወደ መምህራን ምልመላ አዞረ። ቴክሳስ በ2023 የክፍል ትምህርትን አልነካም ስትል፣ ፍሎሪዳ በዚያው ሕግ ሁሉም ተማሪ ሊወስዳቸው በሚገቡት የጠቅላላ ትምህርት ኮርሶች ይዘት ውስጥ ገባች። ቴክሳስም ብትሆን በ2025 ባወጣችው «የሴኔት ረቂቅ 37» የቦርዶችን ሥልጣን በሥርዓተ ትምህርት ላይ አስፍታለች፤ ስለዚህ በአንዱ ሕግ ከክልከላ የወጣ ነገር በሌላው እንደማይመለስ ዋስትና የለውም። ዩታ በጃንዋሪ 2024 ባጸደቀችው ሕግ ድጋፉ እንዲቀጥል፣ ነገር ግን በማንነት ለተለዩ ቡድኖች ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ ክፍት በሆኑ ማዕከላት በኩል እንዲሰጥ አዘዘች፤ የዩታ ዩኒቨርሲቲም የሴቶችና የጥቁሮች ማዕከላቱን ጨምሮ ዘግቶ ሥራውን ወደ አጠቃላይ ማዕከላት አዛወረ። አላባማም በዚያው ዓመት፣ ኦሃዮ ደግሞ በማርች 2025 ተከተሉ። የአላባማውን ሕግ መምህራንና ተማሪዎች ፍርድ ቤት ቢያቀርቡትም፣ ዳኛው በኦገስት 2025 ሕጉን ለጊዜው ለማገድ ፈቃደኛ አልሆኑም።

አሁን ወደ አንቀጽ 35 እና 89 እንምጣ። በእኛ አገር የድጋፍ እርምጃ ሲባል ተማሪው በመጀመሪያ የሚያስበው የመግቢያ ነጥብን ነው፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ተደርጎ የተወሰነውን ማለት ነው። በአሜሪካ የዚህ ተመሳሳይ የሆነውን፣ ማለትም በቅበላ ጊዜ ዘርን ከግምት ማስገባትን፣ ያስቆመው የክፍለ ግዛት የወጪ ሕግ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1996፣ ሚሺጋን በ2006 በሕዝብ ድምፅ በየራሳቸው አስቁመውት ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ያበቃው ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በሰጠው ውሳኔ ነው። የፍርድ ቤቱ መሠረት በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያና በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚናገሩት ለማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ ስለመስጠትና በዘር አድልዎ ስላለማድረግ ነው። የእኛ አንቀጽ 35 የታሪክ በደልን ስም ጠርቶ ካሳውን በራሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ጽፏል፤ የእነርሱ ሕገ መንግሥት ያንን አልጻፈም፤ ያልተጻፈውን ነገር ዳኞች ለ45 ዓመታት ያህል፣ «ባኪ» በሚል ስም ከሚታወቀው የ1978 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ፣ በጠባቡ ሲፈቅዱ ቆይተው በመጨረሻ ዘጉት። ስለዚህ «እኛ ያዘዝነውን እነርሱ ከለከሉ» የሚለው ንጽጽር ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል፤ የክፍለ ግዛቶቹ ሕጎች በቅበላ በር ላይ ሳይሆን ከበሩ በኋላ ባለው ቢሮ፣ ደመወዝና ሥልጠና ላይ ያረፉ ናቸው።

የእኔን አስተያየት ስለጠየቁ ልንገርዎት። የሕጎቹ ደጋፊዎች፣ ማንሃታን ኢንስቲትዩትንና ጎልድዋተር ኢንስቲትዩትን ጨምሮ በ2023 መጀመሪያ የናሙና ረቂቅ ያሰራጩት ተቋማት፣ የአስተዳደር ክፍሉ ከልክ በላይ እንዳበጠና አመልካቾች የማያምኑበትን አቋም ለመጻፍ እንደተገደዱ ይከራከራሉ። በሁለተኛው ነጥብ እስማማለሁ፤ ሰው ለመምህርነት ሲያመለክት የእምነት መግለጫ ሊጠየቅ አይገባውም፣ እኛም አገር በሌላ ስም ስንጠየቅ የኖርነው ነገር ስለሆነ ጣዕሙን እናውቀዋለን። የማልስማማው ከአጻጻፉ ነው። «ዘርን በማጣቀስ የተቀረጸ ፕሮግራም» የሚል ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጸሐፊው ካልወሰነው፣ የሚወስነው የፈራ ኃላፊ ነው፤ ያ ኃላፊ ደግሞ ሁልጊዜ ሕጉ ከሚለው በላይ ይቆርጣል፣ ከቆረጠም በኋላ የተቆረጠው ነገር የረዳው ሰው ማን እንደነበር የሚቆጥር የለም። የወጪ ክልከላ የሚጽፍ ሕግ አውጪ የክልከላውን ያህል ፈቃዱንም በዝርዝር ሊጽፍ ይገባው ነበር።

ጥያቄ፦ በጅማ መምህር ነኝ፤ በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ዶክትሬት ምርምርና ለረዳት ፕሮፌሰርነት እያመለከትኩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለማመልከቻ ያዘጋጀሁት ስለ ብዝኃነት ያለኝን አስተዋጽኦ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አለኝ። አሁን ልላከው ወይስ ልጣለው?
መምህር፣ ከኪቶ ፉርዲሳ

መልስ፦ አይላኩት፤ ነገር ግን አይጣሉት። በቴክሳስ ተቋሙ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዳይጠይቅ ብቻ ሳይሆን፣ ያልተጠየቀ ሰው አምጥቶ ቢሰጥ እንኳ በዚያ ምክንያት ቅድሚያ እንዳይሰጠው ተከልክሏል። ስለዚህ ያልተጠየቀ ገጽ መላክ ለመልማይ ኮሚቴው ራስ ምታት ከመሆን አያልፍም። ሆኖም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እርስዎ የሠሩት እውነተኛ ሥራ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ከተማሪዎችዎ ጋር ወደ ወረዳዎች ወርደው የሠሩት፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ተማሪዎች በአንድ ቡድን የሚሠሩበትን መንገድ ያበጁት፣ ከገጠር ትምህርት ቤት ለመጣ ተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት የሰጡት ሁሉ የማስተማር ብቃት ማስረጃ ነው። በማስተማር መግለጫዎ ውስጥ እንደ ሥራ ይጻፉት፤ ስንት ተማሪ፣ በስንት ሴሚስተር፣ ምን ውጤት እንደመጣ። ስለ እሴትዎ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ያውጡ፣ ያደረጉትን የሚናገረውን ይተዉ።

አንድ ነገር ይጨመርበት። የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ ሁኔታው ይለያል። የቴክሳሱ ሕግ ራሱ ተቋሙ ወይም ሠራተኛው ለገንዘብ ሰጪ አካል ወይም ለዕውቅና ሰጪ ድርጅት ሲያመለክት፣ በቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅና በቂ አገልግሎት ላላገኘ ተማሪ የሠራውን እንዲገልጽ ይፈቅዳል። ቃላቱን ልብ ይበሉ፤ የተፈቀደው ገቢና የትምህርት ታሪክ እንጂ ዘር አይደለም። የክፍለ ግዛቶቹ ሕጎች ተመሳሳይ ስላልሆኑ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ «የሚቀርቡ ሰነዶች» የሚለውን ዝርዝር ቃል በቃል ይከተሉ፤ መግለጫ የሚጠይቅ ተቋም አሁንም በሌላ ክፍለ ግዛት ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ጽሑፉን አይጣሉት ያልንዎትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዲቪ የሚለው ቃል «ዳይቨርሲቲ» ማለት ነው ይባላል። ዳይቨርሲቲ ከታገደ ዲቪ ቀረ ማለት ነው?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ የሚጋሩት ስም ብቻ ነው። ዲቪ በ1990 በወጣ የፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረ ሲሆን፣ «ብዝኃነት» የተባለውም ወደ አሜሪካ ጥቂት ስደተኛ ከላኩ አገሮች ሰው ለመቀበል ስለታሰበ ነው። የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ቪዛ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። ስለ ዲቪ የሚመጣ ማንኛውም ለውጥ ከዋሽንግተን እንጂ ከቴክሳስ ዋና ከተማ ከኦስቲን ወይም ከፍሎሪዳ ዋና ከተማ ከታላሃሲ አይመጣም፤ በዚህ ወሬ ተመርኩዞ «ሳይዘጋ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢገጥምዎ መልሱት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፍሎሪዳ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው። በየዓመቱ የቡና ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃሉ፤ ወጪውን የሚሸፍንላቸው የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቱ ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። ማኅበሩስ ይፈርስ ይሆን? ከዚህ ቡና ልንልክለት አስበን ሕግ እንዳይነካው ፈርተን ተውነው።
እህት፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ማኅበሩ አይፈርስም። የፍሎሪዳ ሕግ ተማሪዎች የሚመሯቸው ማኅበራት በተማሪዎች መዋጮ ክፍያ እንዲደገፉና የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ እንዲጠቀሙ በግልጽ ይፈቅዳል፤ ማኅበሩ የሚናገረው ነገር በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ክልከላ ውስጥ የሚገባ ቢሆን እንኳ ፈቃዱ አይቀርም። የሚጠየቀው ገንዘቡ ተቋሙ በጽሑፍ ባወጣው ደንብ መሠረት መከፋፈሉ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ የቀድሞውን ቢሮ በር ማንኳኳቱን ትቶ ለተማሪዎች መማክርት ያመልክት፤ መማክርቱ የበጀት ጥያቄ የሚቀበልበት ወቅት ስላለው እንዳያልፈው ቀኑን አስቀድሞ ይወቅ። በቅጹ ላይም ዝግጅቱ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት መሆኑን፣ የሚመጣውን ሰው ብዛትና የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ይጻፍ፤ ጀበናውና ስኒው ከዓመት ዓመት የሚቆይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ይበቃዋል።

ቡናውን ደግሞ ላኩለት። ከቤተሰብ የተላከ ቡና የክፍለ ግዛቱም የፌዴራሉም ገንዘብ ስላልሆነ ይህ ሕግ አያገኘውም። ጥሬውን ብትልኩለት ቤት ውስጥ ይቁላው፤ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚያስቸግረው የበጀት ሕግ ሳይሆን በጢሱ የሚጮኸው የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ነው።